ቀይ ሥር

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ስልኬ ጮኸ ደግሞ፤
ወጣሁ ሹራቤን ገልብጬ፣ እንቅልፍ ዐይኔ ላይ ቆሞ።
ሚያዝያ ነው በቀኑ፤ ዊኒፔግ ግን ገና
በረዶ ታኝካለች፣ መንገዷ አልቀና።
ከድልድዩ በታች ቀይ ወንዝ ያቃስታል፣
የተሰበረ በረዶ በጀርባው ይጎትታል።

ድንገተኛ ክፍል። መጋረጃ ሰባት።
አቶ ዘርጋው፤ የተማሪ አውቶቡስ ነጂ፣ የሁለት ልጆች አባት፤
ፊታቸው እንደ ሻማ፣ ባልዲው ካጠገባቸው፣
«ቀይ ሥር ነው» ይላሉ፣ ሚስታቸው እያየቻቸው።
(ኦሌና፣ የጋራዡ ሒሳብ ሹም፣ ትናንት ለምሳ
ያገሯን ሾርባ ሰጥታቸው ነበር፣ በዕቃ ቀንሳ።)
ግን ቀይ ሥር አይረጋም።
ቀይ ሥር ተቆራርጦ ባልዲ ሥር አይተኛም።
ሚስትየዋ ታውቃለች። ዝም አለች።

የሥራዬ ሕግ አጭር ናት፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፤
ሲያለቅሱም አታልቅሺ።
ሐኪሟ ሦስቴ ጠየቀች፦ «መጠጥ ይጠጣሉ?»
ሦስቴ አስተረጎምኩ። ሦስቴ «ኧረ የለም» አሉ።
«ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ጭኛለሁ፤
አንድ ጉንጭ ብቀምስ በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ?»

የደሙ ምርመራ መጣ፤
አርባ ዘጠኝ ዓመት የተደበቀ፣ ከእናት ጋር የመጣ፣
እሷም ሳታውቀው ያወረሰችው። በሐኪም ቋንቋ ስሙ አንድ ፊደል፤
በእኛ «የወፍ በሽታ»። ወፏ የታለች ብትለኝ ምን ልል?
ሆድ ይፍጀው እንላለን። ሆድም ፈጀው፤
ጉበቱን በጠባሳ ላይ ጠባሳ አድርጎ ድንጋይ አበጀው።

ደም ቅዳ፣ ደም መልስ፤ አማርኛ ሲያምርበት!
የተቀዳው ከልብ ይሄዳል፣ መላሹ ይገባል ቤት።
ግን የጉበት ደጅ ሲዘጋ፣ የሚመለሰው ደም
በየት በኩል ይለፍ?
መልስ የለም።

ሐኪሟ እጅ መጥረጊያ ወረቀት ላይ ወንዙን ሣለች፤
የዚሁ ልጅ ናት፣ በጎርፉ ዓመት ጆንያ አሸዋ ሞልታለች።
«ወንዛችን ወደ ሰሜን ነው የሚፈስ። ደቡቡ ቀድሞ ይሟሟል፣
ሰሜኑ ገና ድንጋይ ነው። ውሃው ደርሶ ይጋጫል፣ ያብጣል፣
ያልተቆፈረለት ቦይ ይገባል፤ የሰው ጓሮ፣ የሰው ምድር ቤት።
የእርስዎም ደም እንደዚያው ነው። ሰሜኑ ጉበት።
ምግብ መውረጃው ላይ ያሉ ቀጫጭን ሥሮች ጎርፉን ተሸክመው ኖሩ፤
ዛሬ አንዱ ፈነዳ። ባፍ ገብተን በላስቲክ ቀለበት እንዲታሰሩ
እናደርጋለን፣ አንድ በአንድ።»

«እድናለሁ ወይ?» አሉ።
እሷም ቁጥር ተናገረች።
ቁጥሩ አፌ ውስጥ ቆመ።
እግዜር ያውቃል ብዬ ማለፍ እችል ነበር፣ ማንም አይሰማኝ፣
አትቀንሺ የሚለው ሕግ ጉሮሮዬን ያዘኝ።
«ከስድስት ሰው አንዱ፣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው…»
አቶ ዘርጋው ጣታቸውን ቆጠሩ፤ ቀስ እያሉ፣ በአውራ ጣት ጀምረው።
«አምስት ነው» አሉ። «ስድስተኛው እኔ ዘንድ የለም።»
ሳቁ። ሳቁ ደም ነበረበት። አልተረጎምኩትም።

ገፍተው አስገቧቸው።
ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ፤ ከላስቲክ ከረጢት በክንድ የሚገባው
በአፍ ሲወጣ አይቻለሁ። ስንት ሰው ይሆን የሰጠው?
ሚስትየዋ የጫማቸውን ክር ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ ፈታች።

ሲነጋጋ ሐኪሟ ወጣች፣ ጭንብሏን አንገቷ ላይ ጥላ፦
«አምስት ቀለበት። ለአሁኑ ቆሟል።» ሌላ አላከለችም፣ ሌላ።
ተረጎምኩ። «ለአሁኑ» የሚለውንም።

ሚስትየዋ ያኔ ነው የተናገረችው፣ የመጀመሪያዋ፦
«ማቀዝቀዣ ውስጥ የተረፈ አለ፤ ያ ሾርባ። ልድፋው?»
ሐኪሟ አልሳቀችም። ዐሰበች።
«ሾርባው ጥፋት የለበትም። ግን ለጊዜው ቀይ ነገር ይቅርባቸው፤
ቀይ ከቀይ እንዳይምታታብን» አለች።
ቃል በቃል ሰጠኋት።

«ጥፋት የለበትም» ስትል ደገመችው፣ ጫማውን አቅፋ፤
ለሾርባው ይሁን ለባሏ አልገባኝም።
መጠየቅ ደግሞ ሥራዬ አይደለም።